የሐኪሙ በር ተዘግቶ ነበር? በእንግሊዝ በአካል የመታየት ቀጠሮ እንዴት ብርቅ ሆነ

በእንግሊዝ የሚገኙ የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮች ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በኢንተርኔት የሚቀርብላቸውን የሕመምተኛ ጥያቄ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሳያቋርጡ የመቀበል ግዴታ ተጥሎባቸዋል። መንግሥት ዓላማው ጧት ጧት በስልክ የሚደረገውን ግፊያ ማስቀረት እንደሆነ ሲገልጽ፣ የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ አስቸኳይ ሕመም ከተራ ጥያቄ ጋር ተደባልቆ ሳይታይ ሊውል ይችላል በማለት ተቃውሞውን አሰምቷል።

ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ንግግሩ ወደ ኮቪድ-19 ዘመን መመለሱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ሁለት ክሶች ፊት ለፊት ቆመው ነበር። አንደኛው «ሐኪሞቹ በራቸውን ዘግተው ደመወዛቸውን እየበሉ ነው» የሚል ሲሆን፣ ሌላው «ሰዉ ለጉንፋንም ለራስ ምታትም ሐኪም ፊት ካልቀረብኩ እያለ ነው» የሚል ነበር። ሁለቱም የሆነውን ነገር በትክክል አይገልጹትም። በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ የተለወጠው ማን በበሩ እንደሚገባ የሚወስነው ወገን ነው። ቀድሞ ይህን የሚወስነው በአብዛኛው ሕመምተኛው ራሱ ነበር፤ ከማርች 2020 በኋላ ግን ውሳኔው ወደ ክሊኒኩ ተሻገረ። ይህም የሆነው የሐኪም እጥረቱ ከወረርሽኙ በፊት ጀምሮ በጸናበት ሰዓት ነው።

ከወረርሽኙ በፊት የነበረው ደጅ

በብሪታንያ ሕመምተኛ በቀጥታ ወደ ስፔሻሊስት አይሄድም። መጀመሪያ በሠፈሩ ባለ ክሊኒክ ይመዘገባል፤ እዚያ የሚያየው ሐኪም በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ጂፒ» የሚባለው ሲሆን በአገራችን አጠራር ጠቅላላ ሐኪም ወይም የቤተሰብ ሐኪም ልንለው እንችላለን። ሆስፒታል የሚልከው፣ የመድኃኒት ማዘዣ የሚጽፍለት፣ የሕመም ፈቃድ የሚሰጠውም እሱ ነው። ከድንገተኛ ክፍል በቀር ወደ ሌላው የሕክምና አገልግሎት የሚያስገባው ዋናው በር ይኸው በመሆኑ፣ እዚህ ላይ የሚፈጠር መጓተት ወደ ታች ሁሉ ይወርዳል።

ክሊኒኮቹ የሚተዳደሩት በአብዛኛው ራሳቸው ሐኪሞቹ በባለቤትነት በያዟቸው ድርጅቶች ሲሆን፣ ኤንኤችኤስ በሚል ምህጻር ከሚታወቀው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጋር ውል ገብተው ይሠራሉ። ዋናው ክፍያ የሚታሰበው በተመዘገበው ሰው ቁጥር እንጂ ሰውየው በመጣበት ጊዜ ብዛት አይደለም። አንድ ሕመምተኛ በዓመት አንዴ ቢመጣም አሥር ጊዜ ቢመጣም ክሊኒኩ ስለ እሱ የሚያገኘው መሠረታዊ ገንዘብ ያው ነው። ይህ ነጥብ በኋላ የሚመለስ ስለሆነ አንባቢ ቢይዘው መልካም ነው።

የሐኪሞቹ ቁጥር ደግሞ ወረርሽኙ ሳይመጣ መመናመን ጀምሮ ነበር። ሥልጠናቸውን የጨረሱ የቤተሰብ ሐኪሞች በሙሉ የሥራ ሰዓት ሲሰሉ በ2015 ከ29,300 በላይ ነበሩ፤ በ2021 ከ28,000 በታች ወርደዋል። በዚሁ ጊዜ በክሊኒኮቹ የተመዘገበው ሕዝብ ከ60 ሚሊዮን አልፏል። ወግ አጥባቂው ፓርቲ በ2019 ምርጫ ወቅት 6,000 ተጨማሪ የቤተሰብ ሐኪሞችን እንደሚያስገኝ ቃል ቢገባም፣ በ2021 መጨረሻ የጤና ሚኒስትሩ ሳጂድ ጃቪድ ራሳቸው ጉዞው ወደዚያ እያመራ እንዳልሆነ አምነዋል። ስለዚህ ወረርሽኙ ያገኘው ሞልቶ የተረፈውን ሳይሆን ቀድሞውኑ የሚያነክሰውን አገልግሎት ነው።

«መጀመሪያ በስልክ»

በማርች 2020 ኤንኤችኤስ ክሊኒኮቹ ማንኛውንም ሕመምተኛ ከማስገባታቸው በፊት በስልክ ወይም በኢንተርኔት እንዲለዩ አዘዘ። ይህ አሠራር «ትሪያጅ» ይባላል። ቃሉ በእኛ አገር ሆስፒታሎችም የተለመደ ሲሆን፣ የመጣውን ሕመምተኛ እንደ ሕመሙ ክብደት ለይቶ ማን አሁን፣ ማን ቆይቶ፣ ማንስ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ እንዳለበት መወሰን ማለት ነው። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ልየታው የሚደረገው ሰውየው ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ ነርሷ እያየችው መሆኑ ነው። በእንግሊዝ ግን ልየታው ከበሩ ውጭ፣ ሰውየው ቤቱ ሆኖ ይደረግ ጀመር።

ምክንያቱን ለመረዳት የመጠበቂያ ክፍሉን ማሰብ ይበቃል። በርካታ ክሊኒኮች ያሉት ጠባብ መተላለፊያ ባላቸው፣ ለመኖሪያ በተሠሩ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ነው። ስኳር ያለበት ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር ሴትና ትኩሳት ያለው ልጅ ክርን ለክርን ተቀምጠው ተራ ይጠብቁ ነበር። የሁለት ሜትር ርቀት ሲደነገግ ሃያ ሰው ይይዝ የነበረው ክፍል አራት ወይም አምስት ሰው ብቻ ያዘ። ሐኪሙ በእያንዳንዱ ሕመምተኛ መካከል ጓንቱንና ሽርጡን መቀየር፣ አልጋውንና ወንበሩን መጥረግ፣ መስኮት መክፈት ነበረበት። ለአንድ ሰው ይመደብ የነበረው የአሥር ደቂቃ ቀጠሮ በዚህ ሁሉ ላይ ሲደመር፣ በሰዓት ስድስት ሰው ማየት የማይቻል ሆነ።

ቁጥሮቹ ይህን ያሳያሉ። ከወረርሽኙ በፊት ከቀጠሮዎች ሁሉ 80 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በአካል የሚደረጉ ነበሩ። በኤፕሪል 2020 ይህ ወደ 47 በመቶ ገደማ ወረደ። በ2021 አጋማሽ ተመልሶ ወደ 57 በመቶ ከፍ ቢልም ከዚያ በላይ ለመውጣት ወራት ፈጅቷል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አሃዙ ሐኪሞችን ብቻ ሳይሆን ነርሶችንና ሌሎች የክሊኒክ ባለሙያዎችን ጭምር ይጨምራል። ደም መቅዳት ወይም ቁስል ማሸግ በስልክ ስለማይሆን የነርሶቹ ሥራ በአካል መቀጠሉ አሃዙን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ሕመምተኛው ሐኪሙን ራሱን የማየት ዕድሉ እንግዲህ ከዚህ ያነሰ ነበር ማለት ነው፤ የሕዝቡም ስሜት ከይፋዊው ቁጥር የባሰ ሆኖ የተገኘው በከፊል በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በጁላይ 2020 የወቅቱ የጤና ሚኒስትር ማት ሃንኮክ ባደረጉት ንግግር፣ በቂ የሕክምና ምክንያት ከሌለ በስተቀር ከእንግዲህ ምክክር ሁሉ በርቀት መሆን አለበት ብለው ነበር። ለችግር ጊዜ የተፈቀደው አሠራር የወደፊቱ ዘመናዊ ሕክምና ተደርጎ ተቆጠረ። አሥራ አምስት ወር ሳይሞላ ተከታያቸው ጃቪድ ሐኪሞችን ሕመምተኛ በአካል አታዩም ብለው ሲወቅሱ፣ ሐኪሞቹ «እናንተው አይደላችሁም ወይ ያዘዛችሁን?» ማለታቸው የሚያስገርም አይደለም።

ልየታ መቼ ራሽን ይሆናል

ልየታ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። በቂ ሐኪም ባለበት ቦታ ሥራው ቅደም ተከተል ማስያዝ ብቻ ነው፤ የደረት ሕመም ያለበት ይቀድማል፣ ማዘዣ ለማሳደስ የደወለው ይቆያል፣ በመጨረሻ ግን ሁሉም ይደርሳቸዋል። ሐኪሙ ሲያንስ ግን ያው መሣሪያ ሌላ ሥራ ይሠራል። «ነገ ጧት ይደውሉ»፣ «ፋርማሲ ይጠይቁ»፣ «ካልተሻለዎት ይመለሱ» የሚሉት መልሶች እንደ ራሽን ያለውን ጥቂት ማከፋፈያ ይሆናሉ። ደዋዩ ደግሞ የተሰጠው መልስ የሕክምና ውሳኔ ይሁን የቦታ ማጣት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ያ ዘመን የፈጠረው ቁጣ ዋና ምንጭ ይህ መሸፋፈን ይመስለኛል።

የጧቱ ግፊያ ምን እንደሚመስል በቅርብ እንየው። የዕለቱ ቀጠሮዎች የሚከፈቱት በፈረንጆቹ 8 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ክሊኒኩ ሦስት ወይም አራት መስመር ሲኖረው በዚያች ደቂቃ የሚደውለው ግን መቶ ሰው ሊሆን ይችላል። መስመሩ ተይዟል፤ ይዘጋል፤ ደግሞ ይደወላል። ስልኩ ሲነሣ የዕለቱ ቀጠሮ አልቋል። እንዲህ ያለው ወረፋ የሚያስቀድመው በጣም የታመመውን ሳይሆን ያለማቋረጥ መደወል የሚችለውን ነው። ጧት 1 ሰዓት ላይ ሥራ የገባ የአውቶቡስ ሾፌር ወይም የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ በዚያች ሰዓት ስልክ የመያዝ ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። ቀድሞ ግን ሥራውን ሲጨርስ ወደ ክሊኒኩ ጎራ ብሎ መስኮቱ ላይ ቆሞ መለመን፣ ማለትም ደጅ መጥናት ይችል ነበር። ወረርሽኙ ይህችን የመጨረሻ መንገድ ዘጋት።

በስልክ መጀመር የሐኪሙን ጊዜ ይቆጥባል የሚለው ግምትም ሲመረመር ያን ያህል የጸና አይደለም። ከወረርሽኙ ብዙ ቀደም ብሎ በ2014 ይፋ የሆነ፣ በእንግሊዝ 42 ክሊኒኮችና 21,000 ገደማ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት፣ የዕለት ቀጠሮ የጠየቁ ሰዎችን በቀጥታ ከማስገባት ይልቅ መጀመሪያ በስልክ መለየት ምን እንደሚያስከትል ተከታትሏል። በቀጣዮቹ 28 ቀናት ውስጥ ሕመምተኞቹ ከክሊኒኩ ጋር የተገናኙበት ጊዜ ብዛት፣ ልየታውን ሐኪም ሲያደርገው በአንድ ሦስተኛ፣ ነርስ ስታደርገው ደግሞ ወደ ግማሽ በሚጠጋ ጨመረ። ወጪው ተቀራራቢ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በስልክ የተነገረው ሁሉ ስለማያበቃ አንዱ ጉዳይ ሁለት ግንኙነት ይሆናል። ሐኪሞቹ በ2021 «ከመቼውም በላይ እየሠራን ነው» ሲሉ፣ ሕዝቡም «ከመቼውም ያነሰ እየታየን ነው» ሲል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን የቻለው ለዚህ ነው። በዚያው ላይ ከዲሴምበር 2020 አጋማሽ ጀምሮ የክትባቱ ዘመቻ ትልቁ ሸክም የወደቀው በእነዚሁ ክሊኒኮች ላይ ነበር።

ስልክ የማያሳየው

በስልክ ጥሩ ሆኖ የሚያልቅ ብዙ ጉዳይ አለ። የደም ግፊት መድኃኒት ማሳደስ፣ የምርመራ ውጤት መስማት፣ የሕመም ፈቃድ ማራዘም ሰውን ከሥራው የሚያስቀር ጉዞ አያሻውም። ችግሩ ያለው ገና ስሙ ባልታወቀው ሕመም ላይ ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት በርቀት ሕክምና ሳቢያ የሚደርሱ ከባድ ስሕተቶች ጥቂት መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ፣ በሰበሰቧቸው 95 የደኅንነት ጉድለቶች ውስጥ ደጋግመው ያዩት ግን አካል ሳይመረመር መታለፉን፣ መረጃ በቂ ሆኖ አለመሰብሰቡንና ሰውየው ራሱን ለመግለጽ መቸገሩን ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር አማርኛ ተናጋሪውን በቀጥታ ይነካል። «ልቤን ያቃጥለኛል» የምትል እናት ብዙ ጊዜ የምትናገረው ስለ ጨጓራዋ ነው። «ልቤን» የሚለው ቃል ብቻውን ሲተረጎም ግን ጉዳዩ የልብ ሕመም ይሆናል። በአካል ብትቀርብ እጇን ከደረቷ አጥንት በታች ታሳርፍና ነገሩ በአንድ ዕይታ ያልቃል። በስልክ ግን አስተርጓሚው በሦስተኛ መስመር ገብቶ፣ ሐኪሙ ጠይቆ፣ አስተርጓሚው ገልብጦ፣ እሷ መልሳ፣ የተመደበው ጊዜ ያልቃል። ኤንኤችኤስ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ኃላፊነት ቢኖርበትም፣ መብቱን ለመጠየቅ መጀመሪያ ስልኩን አንሥቶ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ያስፈልጋል። ብዙ ቤት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ልጅ ነው፤ እናት ደግሞ ስለ ማሕፀኗ ወይም ስለ ጭንቀቷ በልጇ አፍ አትናገርም።

ሌላው ምሳሌ ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጂን መለኪያ፣ ፐልስ ኦክሲሜትር ናት። በወረርሽኙ ወቅት ለኮቪድ ሕመምተኞች ወደ ቤታቸው ትላክ ነበር፤ መመሪያውም 95 በመቶና ከዚያ በላይ ካሳየች ቤት መቆየት፣ 93 ወይም 94 ካሳየች መደወል፣ 92 እና ከዚያ በታች ካሳየች ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ የሚል ነበር። ነገር ግን መሣሪያዋ የምትሠራው ብርሃን በቆዳ ውስጥ በማሳለፍ ስለሆነ የቆዳ ጥቁረት ንባቡን ያዛባዋል። በዲሴምበር 2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ መሣሪያዋ ከ92 እስከ 96 ካነበበችላቸው መካከል፣ ከደም ወሳጅ በተቀዳ ደም ሲለካ ኦክስጂናቸው ከ88 በታች ሆኖ የተገኙት ከጥቁር ሕመምተኞች 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ ደግሞ 3.6 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ኤንኤችኤስ በ2021 በዚህ ላይ ማሳሰቢያ አውጥቷል። ፊት ለፊት የሚያይ ሐኪም ከቁጥሩ ሌላ የሚያያቸው ነገሮች አሉት፤ አተነፋፈሱን፣ የከንፈሩን መልክ፣ አረፍተ ነገር ሳይጨርስ ማለክለኩን። በስልክ ለሚወስነው ግን የቀረው ቁጥሩ ብቻ ነበር።

በካንሰር ላይ የታየውን መዘግየት በተመለከተ ግን ጥፋቱን ሁሉ በስልክ ልየታው ላይ መጣል ልክ አይሆንም። በኤፕሪል 2020 በካንሰር ጥርጣሬ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል የተላኩ ሰዎች ቁጥር ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር በ60 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በዚያው ወር የክሊኒክ ቀጠሮዎች ጠቅላላ ቁጥር ራሱ ከ24 ሚሊዮን ገደማ ወደ 16 ሚሊዮን ወርዶ ነበር። መንግሥት ጧት ማታ «ቤታችሁ ቆዩ፣ ኤንኤችኤስን ጠብቁ» እያለ ሲያስነግር ብዙዎች እብጠታቸውን ይዘው፣ ሐኪም ላለማስቸገር ብለው ሳይደውሉ ቀሩ። ያልደወለ ሰው ደግሞ በስልክ ተለይቶ ተመልሷል ሊባል አይችልም።

የ2021 ፍጥጫ

ገደቦቹ ሲላሉና መጠጥ ቤቱም ስታዲየሙም ሲከፈት፣ ክሊኒኩ ለምን በስልክ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ጠነከረ። በሜይ 2021 ኤንኤችኤስ ክሊኒኮቹ በአካል መታየትን ለጠየቀ ሰው ቀጠሮ እንዲሰጡ የሚያሳስብ ደብዳቤ ሲልክ፣ የሐኪሞች ማኅበሩ የቤተሰብ ሐኪሞች ኮሚቴ በኤንኤችኤስ አመራር ላይ እምነት እንደሌለው በድምፅ ገለጸ። በሴፕቴምበር በማንቸስተር አንድ ክሊኒክ ውስጥ አራት ሠራተኞች በአንድ ሰው ተደብድበው ቆሰሉ። በኦክቶበር ደግሞ መንግሥት ለመጪዎቹ የቅዝቃዜ ወራት 250 ሚሊዮን ፓውንድ የመደበበትን፣ በአካል የሚያዩት ቁጥር ዝቅተኛ የሆነባቸው ክሊኒኮች የሚመረመሩበትን ዕቅድ አወጣ። ማኅበሩ ዕቅዱን ውድቅ አደረገው፤ ገንዘብ የሚመደብለት ሐኪም ራሱም ገበያ ላይ እንደ ልብ አልነበረም።

እዚህ ላይ ቀደም ብለን ያነሣነው የአከፋፈል ሥርዓት ይመጣል። ተቺዎች ክሊኒኩ ሰው ቢያይም ባያይም ስለሚከፈለው የመክፈት ጉጉት የለውም ይላሉ። ክርክሩ መሠረት አለው፤ በአሜሪካ ብዙው ክሊኒክ የሚከፈለው በአገልግሎቱ ቁጥር ስለሆነ፣ በማርችና በኤፕሪል 2020 የሕመምተኛ ጉብኝት ከግማሽ በላይ ሲወድቅ ገቢውም አብሮ ወደቀ፤ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ ለስልክና ለቪዲዮ ምክክር በስፋት መክፈል ቢጀምርም ብዙ ክሊኒኮች ጭንቅ ውስጥ ነበሩ። እነሱ ሕመምተኛውን በአካል ለመመለስ ተጣደፉ። ሆኖም ያው ሥርዓት ኢንሹራንስ የሌለውን ሰው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያውም ደጁን አያስረግጠውም። የእንግሊዙ አከፋፈል ደግሞ ክሊኒኮቹን በዚያ ወቅት ከመዘጋት አድኗቸዋል። በእኔ ግምት አከፋፈሉ ልየታው እንዲሰነብት ረድቶት ይሆናል እንጂ የመነሻው ምክንያት አልነበረም።

ከኢትዮጵያ አንድ ንጽጽር

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የኮቪድ ሕመምተኛ ያገኘችው ማርች 13 ቀን 2020 ነው። የካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮቪድ ተለየ፤ 8335 ለጥሪ ተከፈተ፤ ሌላው ጤና ተቋም ግን በስልክ ልየታ ላይ ሊቆም አልቻለም፤ ሊቆምም አይችልም ነበር። ሕመምተኛ ከቀነሰም የቀነሰው በሽታውን በመፍራት እንጂ በቀጠሮ ሥርዓት ምክንያት አይደለም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ትምህርት ያለው በኤችአይቪ ሕክምና ውስጥ ነው። ከ2017 ጀምሮ ጤናቸው የተረጋጋ ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ወስደው እንዲሄዱ ይደረግ ነበር፤ ወረርሽኙ ሲመጣም ለብዙ ወራት በአንዴ የመስጠቱ አሠራር ሰፋ። እዚህ ላይ በአካል መቅረብ የቀነሰው ሕመማቸው ታውቆ፣ ተመርምሮ፣ መድኃኒታቸው ለተለየ ሰዎች ነው። የእንግሊዙ ልየታ ግን ይህንንም፣ ትናንት ሆዱን መቁረጥ የጀመረውንም በአንድ መስመር አስቆመ።

ዛሬ ያለው መልክ

በእንግሊዝ በአካል የሚደረገው ቀጠሮ ዛሬ ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ከወረርሽኙ በፊት ወደነበረበት አልተመለሰም። በሜይ 2023 መንግሥት ለስልክና ለኢንተርኔት መሣሪያዎች 240 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ፣ የድሮዎቹ መስመሮች ደዋዩ ስንተኛ ተራ ላይ እንዳለ በሚነግሩና መልሰው በሚደውሉ ዘመናዊ ስልኮች እንዲተኩ አደረገ። ይህ የመደወልን ሥቃይ ያቃልላል፤ የሐኪም ቁጥር ግን አይጨምርም።

የ2025ቱ ድንጋጌ የኢንተርኔቱን መንገድ ከስልክና በአካል ከመምጣት ጋር እኩል የመግቢያ በር አድርጎታል። ሾፌሩ አሁን በምሳ ሰዓቱ ጥያቄውን መላክ ይችላል፤ ለእሱ በእርግጥ መሻሻል ነው። ቅጹን በእንግሊዝኛ መጻፍ ለማትችለው እናት የሚጠቅማት ግን የድንጋጌው ሌላው ገጽታ ነው፤ ክሊኒኩ ደጁ ድረስ የመጣውን ሰው «ኢንተርኔት ላይ ይሙሉ» ብሎ ብቻ መመለስ የለበትም፤ እንግዳ ተቀባይዋ ጠይቃ ያንኑ ቅጽ ልትሞላላት ትችላለች። ያ ቅጽ ከተሞላ በኋላ ማን እንደሚያነበው፣ ሐኪም ይሁን የሠለጠነ የቢሮ ሠራተኛ፣ በስንት ሰዓት ውስጥስ እንደሚያነበው ከክሊኒክ ክሊኒክ ይለያያል፤ ማኅበሩና መንግሥት አሁንም የሚከራከሩት በዋናነት በዚህ ላይ ነው።